ከምንጣፍ እስከ ታፒሰሪ፦ መቀመጫን የማልበስና ቤትን የማስዋብ ሙያ ታሪክ በስሞቹ ሲነበብ

መቀመጫን ሞልቶና አልብሶ የሚያዘጋጅ፣ ፍራሽ የሚሰፋ፣ መጋረጃ የሚሰቅል፣ የቤትን ውስጥ በጨርቅና በቆዳ የሚያስጌጥ ባለሙያ በብዙ ቋንቋዎች አንድ የታወቀ ስም አለው። በግብፅ ዓረብኛ «ሙነጊድ» ይባላል፤ ጣልያኖች «ታፔትሲዬሬ»፣ ፈረንሳዮች «ታፒስዬ»፣ እንግሊዞች «አፕሆልስተረር» ይሉታል። አማርኛ ተናጋሪ ግን ስሙን ሲጠየቅ ጥቂት ያመነታል። «ሶፋ ሠሪ» ቢል ዕንጨቱን የሚገጣጥመው ይሁን የሚያለብሰው አልለየለትም። «ታፒሰሪ» ቢል ስሙ የመኪና ወንበር ወደሚሰፋው ያደላል። «ዲኮር» ካለ ደግሞ አዳማጩ የሚያስበው የሰርግ አዳራሽ ነው።

ይህ የስም ክፍተት የቋንቋው ድህነት ወይም ሙያው በአገሩ ያልነበረ የመሆኑ ምልክት ተደርጎ ሲነገር ይሰማል። የዚህ ጽሑፍ አቋም የተለየ ነው። ሥራው ነበረ፤ ነገር ግን በብዙ እጆች ተከፋፍሎ ነበረ። ከእነዚህም እጆች አንዳንዶቹ ክብር የተነፈጉ፣ አንዳንዶቹም ሥራቸው እንደ ሙያ ያልተቆጠረላቸው ነበሩ። ስለዚህ ለአንድ ባለሙያ አንድ ስም ሳይወጣለት ቆየ። ክፍተቱ ራሱ የታሪክ ማስረጃ ነው ማለት ነው፤ ማስረጃውን ለማንበብ ከዕቃዎቹ ስም እንጀምራለን።

የሚነጠፍ ነገር

በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ ቋንቋዎች የቤት ውስጥ ምቾት መሠረታዊ ግስ «ማንጠፍ» ነው። የአማርኛው «ምንጣፍ» ከ«ነጠፈ» እንደወጣ ግልጽ ነው፤ ግእዙና ትግርኛው በ«ጸ» የያዙትን («ነጸፈ»፣ «ምንጻፍ») አማርኛ እንደ ልማዱ ወደ «ጠ» መልሶታል። በኦሮምኛ «አፋ» መኝታ ላይ የሚነጠፈው ነው፤ ግሱም ማንጠፍ ማለት ነው። በሶማልኛ «ጎጎል» ግስም ስምም ሆኖ ያገለግላል፦ አንጥፍ፣ እንዲሁም የሚነጠፍ መኝታ። በስዋሂሊ «ታንዲካ» አነጠፈ ሲሆን «ማታንዲኮ» ከእርሱ የወጣ የመኝታ ዕቃ ስም ነው። ዓረብኛውም ከዚህ አይለይም፦ «ፊራሽ» የተዘረጋ፣ የተነጠፈ ነገር ነው፤ አማርኛም ቃሉን ተውሶ «ፍራሽ» ብሎታል። በሦስት የቋንቋ ቤተሰቦች፣ ማለትም በሴማዊ፣ በኩሻዊና በባንቱ፣ አንድ ዓይነት የፍቺ መንገድ እናያለን። የመኝታ ዕቃው የተሰየመው በተሠራበት ጥሬ ዕቃ ወይም በሠራው ሰው ሳይሆን በሚደረግበት ነገር ነው።

ይህ ለሙያው ታሪክ ትርጉም አለው። የሚነጠፍ ነገር በማግስቱ ይነሣል፤ ይጠቀለላል፣ ይራገፋል፣ ፀሐይ ይሞቃል። አንጣፊው የቤቱ ሰው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የቤቱ ሴት፣ በባለጸጋ ቤት ደግሞ አገልጋይ። ማንጠፍ የዕለት ተዕለት ሥራ እንጂ ገበያ የሚወጣበት ሙያ አልነበረም። በአንጻሩ አውሮፓዊው ሙያ የቆመው በተቃራኒው ሐሳብ ላይ ነው፦ ጨርቁን ከዕንጨቱ ጋር በምስማር አጣብቆ እንዳይነሣ ማድረግ። ለዚህኛው ሥራ አማርኛ ሌላ ግስ መረጠ፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

ከሚነጠፉት መካከል ነባሮቹ የቆዳ ውጤቶች ናቸው። «ቁርበት» የከብት ቆዳ ነው፤ «ጀንዲ» ለስልሶ ለመኝታ የተዘጋጀው፤ «አጎዛ» ጸጉሩ ሳይነሣ የለፋ የበግ ቆዳ። ከመንዝ በግ ሱፍ የሚሸመነው «ባና» ከእነዚህ ጋር ይሰለፋል። «የጠፍር አልጋ» ግን ከሁሉም ይልቅ ትኩረት ይገባዋል። በዕንጨት ክፈፍ ላይ የጥሬ ቆዳ ጠፍር እርጥብ ሳለ ይወጠራል፤ ሲደርቅ ይኮማተርና ጠበቅ ያለ፣ ግን የሚለጠጥ ወለል ይሰጣል። የዛሬ የሶፋ ሠሪ ከስፖንጁ ሥር የሚዘረጋው የላስቲክ ቀበቶ የሚሠራውን ሥራ ጠፍር ሲሠራው ኖሯል። ስለዚህ መቀመጫን ወጥሮ የመሥራት ጥበብ ከውጭ መጣ የሚባለው ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም።

የራስጌውም ስሞች የራሳቸውን ታሪክ ይናገራሉ። «ትራስ» ግእዝ ነው፤ «ትርኣስ» ከ«ርእስ» የወጣ በመሆኑ ራስ የሚያርፍበት ማለት ነው። «መከዳ» የዓረብኛው «ሚኸዳ» ነው፤ ሥሩም ጉንጭ የሚለው ቃል ነው። አንዱ ቋንቋ ትራሱን ከራስ፣ ሌላው ከጉንጭ ሰየመ፤ አማርኛ ሁለቱንም ይዞ ሥራ ከፋፈላቸው። ትራስ ለመኝታ ሲሆን መከዳ ለመደገፊያ፣ ለእንግዳ፣ ለክብር ቀረ። «ስጋጃ»ም የመስገጃ ምንጣፍ ከሚለው ከዓረብኛው «ሰጃዳ» መጥቶ በአማርኛ ሃይማኖታዊ ትርጉሙን ትቶ ለማንኛውም ያማረ ምንጣፍ ዋለ። ከቀይ ባሕር ማዶ የመጡት ቃላት ወደ ክብርና ወደ ጌጥ፣ ነባሮቹ ወደ ዕለት ኑሮ ያዘነበሉ ይመስላል። «ፍራሽ» ብቻ ከዚህ ሥርዓት ወጥቶ ወደ ሁሉም ቤት ገባ።

ማንጠፍ ምን ያህል የተደራጀ የቤት ጥበብ ሊሆን እንደሚችል ለማየት ሐረር ይበቃል። በሐረሪ ቤት፣ በ«ጌ ጋር»፣ እንግዳ መቀበያው ክፍል ከፍታቸው የተለያየ መደቦች አሉት፤ «ነደባ» ይባላሉ። የቤቱ አባወራ ወይም የተከበረ እንግዳ የሚቀመጥበት፣ ብዙኃኑ የሚቀመጡበት፣ ከበሩ ኋላ ያለው፣ እያንዳንዱ የራሱ ስም አለው። ምንጣፉና መከዳው በደረጃው ይደለደላል፤ ግድግዳው በስፌትና በሳህን ይሞላል። የተጠቀለለ ምንጣፍ ከበሩ በላይ መታየቱ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ መኖሯን ያመለክታል ይባላል። ማን የት ይቀመጣል የሚለው ሕግ በጨርቅ የተጻፈበት ቤት ነው። ነገር ግን እዚህም ቢሆን አስጌጯ የቤቱ እመቤት ነች፤ «አስጌጭ» የሚባል ተቀጣሪ የለም።

መጋረጃና ግምጃ

ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ሌላ መልክ አላቸው። በእነርሱ ዘንድ ጨርቅ ከምቾት ይልቅ የመለየት ሥራ ይሠራል። «መጋረጃ» ከ«ጋረደ» ነው፤ የመቅደሱ «መንጦላዕት» ደግሞ የግእዝ ስሙን እንደያዘ ቀርቷል፤ ምእመኑ የቤቱንና የመቅደሱን በአንድ ስም አይጠራም። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ንጉሡ ልብነ ድንግል በመጀመሪያ ለልዑካኑ እንዳልታየ፣ ቃል በመልእክተኞች እየተመላለሰ ንግግሩ ከመጋረጃ ኋላ እንደተካሄደ፣ ኋላም ከፍ ባለና በደረጃ በሚወጣበት፣ እጅግ ባጌጠ መድረክ ላይ ተቀምጦ እንደታየ ይተርካል። ልዑካኑ ካቀረቡት ስጦታ መካከልም አራት ባለ ሥዕል የግድግዳ ጨርቆች ነበሩ። አውሮፓዊው የማስዋብ ጥበብና የድንኳኑ መንግሥት የተገናኙት በጨርቅ በኩል ነው ማለት ይቻላል።

የጎንደር ዘመን ደግሞ ከዚህም የላቀ ምስክር ትቶልናል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተሸመነው ታላቅ የሐር መጋረጃ ከአምስት ሜትር በላይ ቁመት አለው። ክሩ ከውጭ የመጣ ሐር ነው፤ ሥዕሎቹ በቀለም የተነከሩ ወይም የተጠለፉ ሳይሆኑ ከሽመናው ጋር አብረው የወጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ ዘመቻ በኋላ ከአገር ወጥቶ ዛሬ ክፍሎቹ በለንደን የብሪቲሽ ሙዚየምና በቶሮንቶ የሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ይገኛሉ። ይህን የሠራ እጅ ባለሙያ አልነበረም የሚል ሰው የለም። ሆኖም የሥራው ስም ከዕቃው ጋር አልደረሰንም፤ የቀረን የአስፈጻሚው ክብር ነው፣ የነገሥታቱ።

ቃላቱ ግን ጨርቅ በዚያ ዘመን ምን እንደነበረ አልደበቁም። «ግምጃ» ያጌጠ የሐር ጨርቅ ነው። ይህ ጨርቅ የሚቀመጥበት ቤት «ግምጃ ቤት» ተባለ፤ ከዚያም ስሙ ሰፍቶ የመንግሥት ሀብት መዝገብ ቤት ሆነ። ዛሬ «ግምጃ ቤት» የሚለውን ቃል በበጀት ሰነድ ላይ የሚያነብ ሰው መጋረጃና መከዳ አይታየውም። «አልጋ»ም እንደዚሁ ነው፦ «አልጋ ወራሽ» ሲባል የሚወረሰው መንግሥት ነው። በምንጣፍና በመከዳ የተሸለመ አልጋ የዳኝነትና የእንግዳ አቀባበል መቀመጫ ስለነበር የመኝታው ስም የዙፋን ስም ሆነ። «ወንበር» ደግሞ ከግእዙ «መንበር» የመጣ ነው፤ «ም» ከ«ብ» ጋር በአንድ ቃል መቀራረቡን ሸሽቶ ወደ «ወ» ተለወጠ። ሥሩ «ነበረ» በግእዝ ተቀመጠ ማለት ነው፤ በቀድሞው ችሎት ዳኞች ራሳቸው «ወንበሮች» ይባሉ ነበር። የቤት ዕቃ ስሞቻችን እንዲህ ወደ ሥልጣን ስምነት ሲወጡ፣ የዕቃዎቹ ሠሪዎች ስም ወደየት ወረደ?

ፋቂው የቀረበት ስም

ወደ ስድብ ነበር የወረደው። ቆዳ የሚያለፋው «ፋቂ»፣ ብረት የሚቀጠቅጠው «ጠይብ»፣ ሸማ የሚሠራው «ሸማኔ» በስማቸው መጠራታቸው ብቻ እንደ ነውር የሚቆጠርበት ዘመን ረጅም ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው ስም መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው በሚገባ የታወቀ ነው። ለቋንቋ ተመራማሪ ይህ አዋጅ ከሕግነቱ ባሻገር ብርቅ ሰነድ ነው፦ አንድ መንግሥት የሙያ ስሞች በአነጋገር ውስጥ ያላቸውን ዋጋ ለመለወጥ በአዋጅ የሞከረበት ነውና። በአዋጅ ግን የቃል ዋጋ አይለወጥም። ቃሉ ሲቆሽሽ ተናጋሪዎች የሚያደርጉት ሌላ ቃል መፈለግ ነው።

አሁን የመቀመጫ አልባሹን ሥራ በዚህ ዓይን እንመልከተው። ቆዳ ይቆርጣል፣ ይወጥራል፣ ይሰፋል፤ በነባሩ ሥርዓት ቦታው ከፋቂው ጎን ነበር። አዲስ አበባ ስትቆረቆርና ስትስፋፋ ይህን ሥራ ይዘው የቆሙት አዳዲስ ስሞች ግን ከፋቂ ጋር ምንም ዝምድና አልነበራቸውም። ሕንዳውያን፣ አርመኖችና ግሪኮች በከተማዋ የዕንጨትና የግንባታ ሥራ ላይ ነበሩ። ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ድሬዳዋ፣ እ.ኤ.አ. በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ገባ፤ የባቡሩ የሥራ ቋንቋም ፈረንሳይኛ ነበር። «ለገሃር»፣ «ቢሮ»፣ «አምፖል» በዚህ መስመር የገቡ ናቸው።

«ታፒሰሪ» የመጣው ከፈረንሳይኛው «ታፒስሪ» ነው ወይስ ከጣልያንኛው «ታፔትሴሪያ»? በድምፅ ብቻ ለመወሰን «ሰ» አይረዳንም። የጣልያንኛው «ትስ» በአማርኛ «ሰ» እንደሚሆን «ፒያሳ» ያስረዳል። ሁለተኛው ፊደል «ፒ» መሆኑና የቃሉ መጨረሻ በ«ሪ» መቆሙ ግን ወደ ፈረንሳይኛ ይስባል። በጣልያንኛ መንገድ የመጣ ቢሆን ኖሮ እንደ «ካፍቴሪያ» «ሪያ»ን ይዞ እንዲረጋ እንጠብቅ ነበር። ጽሕፈቱ በየሱቁ ሰሌዳ አለመርጋቱ ግን ቃሉ በጽሑፍ ሳይሆን በጋራዥና በወርክሾፕ አፍ ለአፍ የተላለፈ መሆኑን ይናገራል። በእኔ ግምት ፈረንሳይኛው መንገዱን ጠርጎታል፤ የጣልያን ጋራዦች ደግሞ ቃሉን አጽንተውታል። በሙያው ዙሪያ ያሉት የመሣሪያ ስሞች በብዛት ጣልያንኛ ናቸውና፦ «ፒንሳ»፣ «ካቻቢቴ»፣ «ኮላ»፣ «ባንኮ»፣ «ሞርሳ»።

ከእነዚህ ተውሶች አንዱ ልዩ ዕድል ገጥሞታል። ጣልያንኛው «ሞላ» የመቀመጫና የአልጋ ጥምዝምዝ ሽቦ ነው። አማርኛ ግን ቀድሞውኑ «ሞላ» የሚል ግስ ነበረው። በሰፊው ባንኮ ላይ «ሞላው ሞላ» ቢባል የመጀመሪያው ሮማዊ፣ ሁለተኛው ሴማዊ ነው። ሞላ ባለበት ሶፋ ውስጥ ሽቦው መቀመጫውን የሚሞላው ስለሚመስል ተናጋሪው ቃሉ ባዕድ መሆኑን የሚጠረጥርበት ምክንያት የለም። «ኮርኒስ» ግን ትርጉሙን ቀይሯል። በጣልያንኛው የግድግዳና የጣሪያ መጋጠሚያ ጌጥ ወይም ክፈፍ የነበረው በአማርኛ ሙሉውን የውስጥ ጣሪያ ያዘ። አቡጀዲ ወጥሮ ኮርኒስ ማድረግ፣ ኋላም የማዳበሪያ ከረጢት ተርትሮ በዚያው መንገድ መወጠር፣ ግድግዳ ላይ ጋዜጣ መለጠፍ፣ የድኻ ቤት የማስዋብ ጥበብ ነበረ፤ ነውም። ስለ ቤት ማስዋብ የሚጽፉ ሰዎች ይህን መዝለላቸው ያሳዝናል። ውጥረቱና ምስማሩ፣ ስፌቱም ከሳሎን ሶፋ ሥራ አይለይም።

ስለዚህ የባዕዱ ቃል አገልግሎት የዕውቀት ክፍተት መሙላት ብቻ አልነበረም። ቆዳ ለሚሰፋ ሰው ከፋቂነት የራቀ፣ ታሪክ የሌለው፣ ማንም ሊሰድብበት የማይችል ስም ሰጠው። «ታፒሰሪ ነኝ» ብሎ ሚስት መጠየቅ ይቻላል። ይህ ለባለሙያው ትልቅ ነገር ነው፤ ለቋንቋው ግን ዋጋ አስከፍሏል፤ ምክንያቱም አዲሱ ስም የጠፍር ወጣሪውንና የአጎዛ አልፊውን ዕውቀት ከሙያው ታሪክ ቆርጦ ጣለው። ዛሬ የሙያው ታሪክ በጣልያን ዘመን ጀመረ ብሎ የሚናገር ባለሙያ የሚናገረው የስሙን ታሪክ ነው።

አማርኛ ለራሱ ያስቀረው ግሱን ነው። ሶፋ አይሸፈንም፣ አይለጠፍም፤ ይለብሳል። «የሶፋ ልብስ»፣ «የአልጋ ልብስ»፣ «ብርድ ልብስ» በአንድ ረድፍ የቆሙ ናቸው። መቀመጫው እንደ ሰው አካል ታስቧል፤ አጥንቱ ዕንጨት፣ ሥጋው ሙሌት፣ ልብሱ ጨርቅ። ማንጠፍ የቤት ሰው ሥራ ከነበረ፣ ማልበስ የባለሙያ ሥራ ሆኗል። ከዚህ ግስ የባለሙያ ስም ለማውጣት ሰዋስዉ ዝግጁ ነው፤ «ከሰሰ» «ከሳሽ»ን፣ «ደገሰ» «ደጋሽ»ን እንደሚሰጥ «አለበሰ» «አልባሽ»ን ይሰጣል። «ወንበር አልባሽ» የሚል ሙያ ግን አልተለመደም። ቅርጹ በሌላ ሰው ተይዞ ነበርና፤ ያም ሰው በየሰፈሩ እየዞረ ስሙን ራሱ ይጣራ ነበር።

ፍራሽ አዳሽ

«ፍራሽ አዳሽ!» የአዲስ አበባ ሰፈሮች የረጅም ጊዜ ጥሪ ነው። በዚህ የሙያ ዘርፍ አማርኛ በራሱ ሰዋስው ያወጣው የተሟላ የባለሙያ ስም እርሱ ነው፤ «በርጩማ ጠራቢ» ወይም «ድንኳን ሰፊ» እንደሚባለው ዕቃውን አስቀድሞ አድራጊውን አስከትሎ ተዋቅሯል። ሥራው ይህን ይመስላል። በጥጥ የተሞላ ፍራሽ በጊዜ ብዛት ይረገጣል፤ ጥጡ እየተቋጠረ መሐሉ ጎድጉዶ ጠርዙ ይቀራል። አዳሹ ግቢ ውስጥ ወይም በር ላይ ተቀምጦ ስፌቱን ይተረትራል፤ ጥጡን ያወጣል፤ የተቋጠረውን እየበታተነ ያፍታታል፤ ፀሐይ ያስመታል። ልብሱ ታጥቦ ወይም ተለውጦ ሲመለስ ጥጡን እያመጣጠነ ይሞላል፤ ከዚያም እንዳይሸሽ በትልቅ መርፌ ከላይ እስከ ታች እየወጋ በየቦታው ይይዘዋል። ቤተሰቡ ማታ በዚያው ፍራሽ ላይ ይተኛል። ደንበኛው የሚከፍለው ለአዲስ ዕቃ አይደለም፤ ለእድሳቱ ነው።

ስሙ በጆሮ ላይ የሚቀረው ሁለቱ ቃላት ቤት ስለሚመቱ ነው። ቤት መምታቱ ግን የሁለት ታሪኮች ግጥምጥም ነው። የ«ፍራሽ» «ሽ» ከዓረብኛው ጋር የመጣ ነው። የ«አዳሽ» «ሽ» ግን በአማርኛ ውስጥ የተወለደ ነው። «አደሰ» ከግእዙ «ሐደሰ» ነው፤ የአድራጊ ስም ሲሆን የመጨረሻው «ስ» በ«ኢ» ተጽዕኖ ወደ «ሽ» ይላላል፣ «ኢ»ውም ይዋጣል። በአንድ በኩል ተውሶ፣ በሌላ በኩል የድምፅ ሕግ አንድ ቦታ ላይ ደረሱና የመንደር ጥሪ ሆኑ። በላዩም ላይ «ፍራሽ» በአማርኛ የፈረሰ ነገር ቅሪት ማለት ነው፤ ይህኛው ከ«ፈረሰ» የወጣ ነው። ጥሪውን የሰማ ሁሉ ከመኝታው ሌላ የፈረሰን የሚያድስ የሚል ትርጉም ቢሰማው አይፈረድበትም፤ ተረበኞች በዚህ ሲጫወቱበት ኖረዋል።

ጥጥ የማፍታታት ግስ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ጥጥ በደጋን ሲፍታታ «ተነደፈ» ይባላል። በዓረብኛም «ነደፈ» ጥጥ ማፍታታት ነው፤ «ነዳፍ» ጥጥ ነዳፊ ሲሆን ብዙ ጊዜ ፍራሽ ሠሪም እርሱው ነው። በአማርኛ ግን ግሱ ሌላ ልጅ ወለደ፦ «ንድፍ»። የሕንፃ ንድፍ፣ የሕግ ረቂቅ ንድፍ፣ ዛሬም «የቤት ውስጥ ንድፍ» የሚባለው በዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው ትምህርት፣ ከጥጥ ነዳፊው ጋር አንድ ግስ ይጋራሉ። የተፍታታ ጥጥ ገና ክር ያልሆነ፣ ግን ለክርነት የተዘጋጀ ነው፤ ንድፍም ገና ቤት ያልሆነ ቤት ነው። ለዚህ ሙያ አገራዊ ቃል የለም የሚል ሰው ዲግሪው ላይ የተጻፈውን ቃል ቢመረምር ጥጥ ያገኛል።

ማደስን መሠረት አድርጎ ሙያን መሰየም የአማርኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። እንግሊዝኛው «አፕሆልስተረር» ከቀድሞው «አፕሆልደር» የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ደግፎ የሚይዝ፣ ዕቃን ጠግኖ የሚያቆይ ነበር። የለንደን አፕሆልደሮች የአልጋ ዕቃና ያገለገሉ የቤት ዕቃዎችም ነጋዴዎች ነበሩ። ማኅበራቸው እ.ኤ.አ. በ1465 አርማ፣ በ1626 ደግሞ ከንጉሥ ቻርልስ አንደኛ ቻርተር አገኘ። ከዚያ በኋላ ባለው ዘመን ሙያው ወደ ባለጸጎች ሳሎን ወጣ፤ ስሙም አብሮ ወጣ፤ የጠጋኝነቱ ትርጉም ተረሳ። የለንደኑ አዳሽ ማኅበር ነበረው፣ ቻርተር ነበረው፣ የሚታወቅ ሱቅ ነበረው። የእኛው አዳሽ በትከሻው ከተሸከመው መርፌና ክር በስተቀር የሚታወቅበት አልነበረውም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሥራው ዓይነት አይደለም፤ ስሙን የሚያስከብር ተቋም መኖርና አለመኖር ነው።

ፍራሽ አዳሹን ከመንደር ያራቀው ኬሚስትሪ ነው። ፖሊዩሬቴን በጀርመን በኦቶ ባየርና በባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1937 ተፈለሰፈ፤ ለስላሳው ስፖንጅ ከ1950ዎቹ ጀምሮ በዓለም ገበያ ጥጡን፣ ጭዱንና የፈረስ ጸጉሩን እየተካ ሄደ። ስፖንጅ አይነደፍም። ሲያረጅ ይተካል እንጂ አይታደስም። ስለዚህ «ማደስ» የሚለው ግስ ከፍራሽ ጋር ያለውን ቁርኝት እያጣ ነው፤ ወጣቶች ጥሪውን የሚያውቁት ከትዝታና ከመድረክ ቀልድ ነው።

አዲሶቹ ስሞች

የዛሬው ገበያ ቃላት የሚገርም ዑደት ያሳያሉ። «ሶፋ» በአውሮፓ ቋንቋዎች በኩል ደረሰን፤ እነርሱ ግን ያገኙት በቱርክኛ በኩል ከዓረብኛው «ሱፋ» ነው። ሱፋም ከወለል ከፍ ያለ መደብ ነበር። ከመደባችን ተነሥተን ወደ ሶፋ ተሸጋገርን ስንል፣ በቃሉ ታሪክ ከመደብ ወደ መደብ ሄደናል። አሁን ደግሞ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ኑሮና ንግድ ጋር «አረቢያን መጅሊስ» የሚባለው ዝቅ ያለ ባለ መከዳ መቀመጫ ወደ ከተማ ቤቶች ገብቷል፤ ሶማሌዎች «ፈዲ ዐርቤድ» ይሉታል። «መጅሊስ» የመቀመጫ ቦታ ማለት ነው፤ ከ«ተቀመጠ» እንደወጣ የእኛው መንበር ከ«ነበረ» ወጥቷል። በአማርኛ ግን ቃሉ አስቀድሞ የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት ስም ስለነበር፣ ዛሬ «መጅሊስ ገዛሁ» የሚል ሰው ሰሚውን ሊያስቅ ይችላል። ከጎኑ የሚሸጠው «ኤልሼፕ» ደግሞ በእኛ ፊደል በሌለ ሆሄ ቅርጽ ተሰይሟል፤ ከማዕዘኑ ቅርጽ ይልቅ የሻጩን ካታሎግ ያስታውሳል።

ስዋሂሊም ተመሳሳይ ድርብርብ አለው፤ «ጎዶሮ» (ፍራሽ) ከሕንድ፣ «ፎሮኛ» (የትራስ ልብስ) ከፖርቱጋል፣ «ታኪያ» (ትልቅ መደገፊያ) ከፋርስና ከዓረብ። የውቅያኖሱ ጠረፍ ቋንቋ ከሕንድ ውቅያኖስ ነጋዴዎች የወሰደውን፣ ደጋው ከባቡርና ከጋራዥ ወሰደ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የንግድ መስመሮቹን ካርታ ከሳሎን ውስጥ ሊሥል ይችላል።

ጉዳዩ የታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ማቆም ይቻል ነበር። ነገር ግን የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ በትግርኛና በሌሎችም ቋንቋዎች እየተሰጠ በሚሄድበት አካባቢ፣ አንድ ሰው «ብቁ ነህ» ወይም «አይደለህም» የሚባለው በቃላት በተጻፈ መመዘኛ ነው። መመዘኛው ከእንግሊዝኛ ሲተረጎም፣ የሚተረጉመው ሰው መዝገበ ቃላት እንጂ ባንኮ አያይም። ለሃያ ዓመት ሶፋ ያለበሰ ሰው ራሱ በየቀኑ የሚያደርገውን ድርጊት በማያውቀው ስም ተጠይቆ ሊወድቅ ይችላል። ከዚያ የሚያጣው ቃል አይደለም፤ ደመወዝ ነው። የእያንዳንዱ ቋንቋ ኮሚቴ ብቻውን አዲስ ቃል ሲፈጥርም፣ ከላይ ያየነው የጋራ መሠረት፣ ማለትም ምንጣፍ፣ አፋ፣ ጎጎል፣ ማታንዲኮ የሚጋሩት የማንጠፍ ሐሳብ፣ ሳይታይ ይቀራል።

ስም ማውጣቱን በተመለከተ አስተያየቴ «አልባሽ» እና «አዳሽ» ይበልጥ ይሠራሉ የሚል ነው፦ ወንበር አልባሽ፣ ፍራሽ አዳሽ። ሁለቱም በሕያው የቃል አመሠራረት የቆሙ፣ ያለ ማብራሪያ የሚገቡ ናቸው። የሚነሣባቸው ተቃውሞ ግን ቀላል አይደለም። «ታፒሰሪ» ያስገኘውን ክብር ያየ ባለሙያ ወደ ግልጹ የአማርኛ ስም መመለስን እንደ መውረድ ሊያየው ይችላል፤ የፋቂነት ጥላ ሙሉ በሙሉ አልተገፈፈምና። ይህን የሚወስነው ኮሚቴ ሳይሆን ስሙን ደረቱ ላይ የሚለጥፈው ሰው ነው።

ከስሙ በፊት ግን ግሶቹ መመዝገብ አለባቸው፤ እነርሱ ይበልጥ ይቸኩላሉ። የዕቃ ስም በፎቶግራፍም ይገኛል፤ የድርጊት ስም ግን ሥራው ሲቆም አብሮ ይቆማል። መጠይቅ ይዞ «ይህ ምን ይባላል?» ብሎ መዞር ብዙም አያመጣም፤ ባለሙያው ለእንግዳ የሚሰጠው የትምህርት ቤቱን ቃል ነው። ይልቁንም አንድ የጥጥ ፍራሽ አሳድሶ፣ ከመተርተር እስከ መጨረሻው ስፌት ያለውን ንግግር መቅዳት ያስፈልጋል፤ በተለይም ለረዳቱ የሚሰጠውን ትእዛዝ። ከጥጥ ፍራሽ ጋር የሠሩት አዳሾች በአብዛኛው በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ የሚታደስ የጥጥ ፍራሽ ማግኘትም በየዓመቱ እየከበደ ነው።